ሥዕል ያለባቸውን የተረት መጻሕፍት ስለ መሰብሰብ

ልጆች ሆይ፥ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው፤ የተረት መጽሐፍ የሚሰበስብ ግን ጥቂት ነው። ሥራውም የእንስሳት ተረት በሥዕል አጊጦ ለሕፃናት የታተመባቸውን መጻሕፍት ከየአገሩና ከየዘመኑ ፈልጎ በአንድነት ማኖር ነው። ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን እንደዚያ አይመስለንም፤ ምክንያቱንም እንነግራችኋለን።

በዓለም ላይ ይልቁን የታወቁት የእንስሳት ተረቶች ኤዞፕ የሚባል የጥንት ግሪካዊ ተናገራቸው የሚባሉት ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1476 ገደማ በጀርመን አገር በኡልም ከተማ፥ በእንጨት ላይ ከተቀረጸ ሥዕል ጋራ ታተሙ። በ1484 እንግሊዛዊው ካክስተን በቋንቋው ባሳተማቸው ጊዜም ሥዕሎቹ ከዚያው ከኡልሙ መጽሐፍ የወረዱ ነበሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በ1887 ዋልተር ክሬን፥ በ1912 አርተር ራክሃም፥ በ1919 አሜሪካዊው ማይሎ ዊንተር እያንዳንዳቸው እንደ ገዛ ዓይናቸው ሣሉአቸው።

ይህን ሁሉ ጎን ለጎን መዘርጋት ምን ይጠቅማል? የቀበሮንና የሽመላን ተረት አስቡ። ቀበሮ ሽመላን እራት ጋብዞ ሾርባውን በዝርግ ሳሕን አቀረበላት፤ እርስዋም ረጅም አፍዋን ይዛ ጦምዋን አደረች። በሌላ ቀን እርስዋ በተራዋ ጠርታ አንገቱ በጠበበ ገንቦ አቀረበችለት። የተረቱ ነገር በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ነገር ግን አንዱ ሠዓሊ የቀበሮውን ፈገግታ ቢያጎላ ልጁ ከተንኰለኛው ጋራ ይሥቃል፤ ሌላው የሽመላይቱን ያቀረቀረ አንገት ቢያጎላ ያው ልጅ ያዝናል። በሰው ችግር ስንሥቅም ሆነ ስናዝን ብዙ ጊዜ የምናየው ባሳየን ሰው ዓይን መሆኑን፥ መጻሕፍቱን ሳያስተያይ የሚረዳው ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግርጌ ባሉት መንደሮች የሚያድግ ልጅ ማታ ማታ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የጅብ ጩኸት ይሰማል። ከባሕር ማዶ በመጡት መጻሕፍት ግን ጅብ እምብዛም አይገኝም፤ በእነርሱ ዘንድ ተንኰለኛው ቀበሮ፥ ጨካኙ ተኩላ ነው። በእኛ ተረት ሆዳሙና ተታላዩ ጅብ፥ ብልኋም ጦጣ ናት። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል አንድ ሙሉ ተረት በጥቂት ቃል አለቀ። ሠዓሊ ቢያገኝ ግን የእንግዳው ኵራት፥ የባለቤቶቹ መደናገጥ፥ የተነጠፈው ቁርበት ገጹን በሞላው ነበር።

ከአገራችን ሰብሳቢዎች መካከል አስቴር ጋኖ ልትታወስ ይገባታል። በባርነት ተሸጣ በባሕር ስትወሰድ በ1886 ጣሊያኖች ከመርከቡ አስለቅቀው በምጥዋ አጠገብ በምንኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡአት። እርስዋም በልጅነትዋ የሰማችውን የኦሮሞ ተረትና ዘፈን ከልብዋ እያወጣች ጻፈች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋራ ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም በ1894 በዚያው በምንኩሉ በግዕዝ ፊደል ታተመ። ከአገርዋና ከዘመድዋ የተለየች ልጅ ይዛው የመጣችው ሀብት ይህ ነበረ፤ ማንም ሊወስድባት አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው የእንስሳትን ተረት በአማርኛ ለተማሪ ቤት ልጆች አቀረቡ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሥዕል ያለበት የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አደረጉ። በተረት ሞኝ እየተባለች የምትታማው አህያ መጽሐፍ አዳይ ሆና ኤዞፕ ቢያያት ምን ይል ይሆን?

የሰብሳቢው ፈተና የሚመጣው በአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ፊት ነው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሁለት ቀርቦለታል እንበል፤ አንዱ ንጹሕ ነው፥ ሁለተኛው ጠርዙ የተቀደደ፥ በአንበሳው ላይ በእርሳስ ጢም የተጨመረበት ነው። ነጋዴው ለንጹሑ ብዙ ዋጋ ይጠይቃል፤ የሠዓሊው ቀለም ሳይጎድል የሚታየው በእርሱ ነውና ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን የሕፃናት መጽሐፍ ያለ እድፍ ብዙ ዘመን የቈየ እንደ ሆነ፥ ብዙውን ጊዜ ሕፃን ስላልነካው ነው። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረን እኛ የተቀደደውን እንገዛለን።

የተገዛውንም መጠበቅ ያስፈልጋል። አባቶቻችን የብራና መጽሐፋቸውን በቆዳ ማኅደር ከተው ከግድግዳ ላይ በችካል ይሰቅሉት ነበር፤ በዚህም ከአይጥና ከመሬት እርጥበት ይድን ነበር። በእንጦጦ ክረምት ወረቀት ቶሎ ይሻግታልና፥ መጽሐፉን ከጭቃ ግድግዳ ማራቅ፥ በጋ ሲሆንም በጥላ ገልጦ ማናፈስ መልካም ነው።

መጽሐፍ መግዣ የሌለው ልጅም ሰብሳቢ ለመሆን ይችላል። አያቱ የነገሩትን ተረት በደብተር በአንደኛው ገጽ ላይ፥ አነጋገራቸውን ሳያሳምር ይጻፍ፤ የተናጋሪውን ስም፥ ቦታውንና ቀኑንም ከታች ያኑር። ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ለሥዕሉ ባዶውን ይተውለት።