የአብራሪ ማዕረግና የአብራሪ ሙያ

አዘዞ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ አይቶ የማያውቅ የጎንደር ልጅ ጥቂት ነው። በሰፈሩ በአየር ኃይል ያገለገሉ አዛውንት ካሉም ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቋቸው «አባባ፣ ማዕረግዎ ምን ነበር?» ብለው ነው። ጥያቄው መልካም ነው። የአብራሪን ሕይወት በትክክል ለመረዳት ግን ሦስት ቃላትን አስቀድመን እንለይ፦ ግዳጅ፣ ማዕረግና ሙያ።

ግዳጅ ወታደር ከአዛዡ ተቀብሎ የሚፈጽመው ተግባር ነው፤ ሲፈጸም ያበቃል። ማዕረግ ሠራዊቱ ለአባሉ የሚሰጠው የኃላፊነት ደረጃ ነው፤ ሰጪው ሠራዊቱ ነው። ሙያ ደግሞ በትምህርትና በልምምድ ከሰውየው ጋር የተዋሐደ ችሎታ ነው። የደንብ ልብስ ሲወልቅ ሙያ አብሮ አይወልቅም።

ሙያን በዓይን እንየው። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን በእግሩ ይዞራል። ጎማውን ያያል፣ የክንፉን ጠርዝ በእጁ ይዳብሳል፣ ዘይት አንጠባጥቦ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። የአዘዞ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ርቀት ይንደረደራል፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ይህን ሳያሰላ የሚነሣ የለም፤ ጄኔራልም ቢሆን።

እንግዲህ ግዳጅ እንደሚያበቃ፣ ሙያ ግን እንደሚቀር አየን። የቀረው ሙያ በሰላም ጊዜ ምን ይሆናል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከጦርነት በተረፉ፣ ወታደር ይጓዝባቸው በነበሩ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነው። አውሮፕላኑ ሥራ ቀየረ እንጂ ክንፉ ያው ነበር። ሰውም እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ያሳዩናል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአገራችን ለቀይ መስቀል በረሩ፤ በ1932 ዓ.ም. ለፊንላንድ ተሰልፈው ቦምብ ጣሉ፤ ከዚያም እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን አደራጁ፣ አብራሪዎችንም አሠለጠኑ። ወደ ሲቪል በረራ ከተመለሱ ከዓመታት በኋላ፣ በ1966ቱ ረሃብ ሰሞን፣ በትንንሽ አውሮፕላኖች እህል ይዘው መጡ፤ መንገድ በሌለበት ደጋ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያ ጣሉ። ልብ በሉ፤ ዝቅ ብሎ መብረርና ዒላማን መምታት ቀድሞ ለጦርነት የዋለ ችሎታ ነበር። እጁ አንድ ነው፤ የሚያወርደው ተለየ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ሕይወታቸው አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የጦር አብራሪ ድፍረት ግዳጁን ለመፈጸም ራሱን ለአደጋ መስጠት ነው። የሲቪል ካፒቴን ድፍረት ደግሞ መመለስን ይጨምራል። የክረምት ጉም አዘዞን ሸፍኖ ካፒቴኑ ጥቂት ዞሮ ወደ ባሕር ዳር ሲያቀና፣ መንገደኛው ያጉረመርም ይሆናል፤ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቀርቶበታልና። ካፒቴኑ ግን ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ለአደጋ እንዳልፈረሙ ያውቃል። መመለሱ የሥራው ዋና ክፍል ነው።

ቤትስ? በቤት ውስጥ ማዕረግም ግዳጅም የለም። የኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ ጦርነት ተማርከው እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ 11 ዓመት ታስረዋል። በ11 ዓመት ውስጥ ዳዴ የሚል ሕፃን ድምፁ ይጎረንናል። በረዥም ግዳጅ የቆየ አባት ለልጁ እንግዳ ሆኖ ይገባል፤ ልጁን የሚያገኘውም በትእዛዝ ሳይሆን በትዕግሥት ነው። እናት ብቻዋን ያሳለፈችው ጊዜ በማኅደር አልተመዘገበም፤ እኔ ግን ከአገልግሎት ዘመን እቆጥረዋለሁ።

ስለዚህ አዛውንቱን ስታገኟቸው ማዕረጋቸውን ጠይቁ። ቀጥላችሁም የት የት እንደበረሩ፣ ከዚያ በኋላ በምን ሥራ እንደኖሩ፣ እሳቸው በሌሉበት ቤቱን ማን እንዳቆመው ጠይቋቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ካሉ ደግሞ እሳቸውንም ጠይቁ።