በታላቁ ባሕር ዳር የተዘረጋ ሐዲድ

በከፋ ምድር በሺሺንዳ ዝናም የማይዘንብበት ወር ጥቂት ነው። ቡናው በደን ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ምንጩም በየሸለቆው ይፈልቃል። ስለዚህ በዚያ ያደገ ልጅ ውሃ በብዙ ድካም የሚገኝ ነገር መሆኑን በቶሎ አያስተውልም። ከዚህ አገር ተነሥቶ በቀድሞው ዘመን ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚገርመው ባሕሩ ይሁን ወይስ አሸዋው፥ ለመፍረድ ያስቸግራል።

ተሳላሚው በቦንጋና በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው በምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ጅቡቲ ይወርዳል። ቀይ ባሕርን በመርከብ ካለፈ በኋላ፥ በስዊዝ ቦይ ዳር ባለችው በቀንጣራ ውሃውን ተሻግሮ ሁለተኛውን ባቡር ይሳፈራል።

ከቀንጣራ እስከ ሐይፋ ያለው ሐዲድ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የሜዲቴራኒያን ባሕር በግራ ነው። የአሸዋው ኮረብታ ዝቅ ሲል ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ይላል፤ ከፍ ሲል ይሰወራል። በኤል አሪሽ የተምር ዛፎች በባሕሩ አጠገብ ይታያሉ። ከጋዛ ወዲያ አሸዋው አብቅቶ የብርቱካን ተክል ይጀምራል። ተሳላሚውም የሰማዕቱ የጊዮርጊስ አገር በምትባለው በልዳ ባቡር ለውጦ ወደ ኢየሩሳሌም ተራራ ይወጣል።

ይህ የባሕር ዳር መንገድ በመጽሐፍ የታወቀ ነው። እስራኤል ከግብጽ በወጡ ጊዜ፥ መንገዱ ቅርብ ቢሆንም፥ ሕዝቡ ሰልፍ አይተው እንዳይመለሱ እግዚአብሔር በምድረ በዳ አዞራቸው። እመቤታችንም ከሄሮድስ ስትሸሽ በዚያ እንዳለፈች አበው ይናገራሉ።

ሐዲዱ ግን ለተሳላሚ የተዘረጋ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ቱርክን ሊወጋ በ1908 ዓ.ም. ከቀንጣራ ጀመረው፤ በ1911 ዓ.ም. ሐይፋ አደረሰው። አፈሩን የቈፈሩት፥ አሸዋውን የጠረጉት፥ ብረቱንም የተሸከሙት የግብጽ ገበሬዎች ነበሩ፤ የጄኔራሎቹ ስም ሲጻፍ የእነርሱ ተረሳ። በዚያ ምድር የሚበቃ ውሃ ስላልነበረ የዓባይ ውሃ እየተጣራ በቧንቧ ከሐዲዱ ጋራ ተጓዘ፤ ወታደሩንም አጠጣ። ከጣና የወጣው ዓባይ በታላቁ ባሕር ዳር ለዳር ሄደ ማለት ነው። የከፋው ጎጀብ ግን ከኦሞ ጋራ ተቀላቅሎ በቱርካና ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አያይም።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ለፋሲካ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜ የኢትዮጵያ አልጋ ወራሽ ነበሩና በክብር ተቀበሏቸው። በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ ግን፥ ንጉሠ ነገሥት ሳሉ አገራቸው በጠላት ተይዛባቸው፥ በሐይፋ ከመርከብ ወርደው በባቡር ወደዚያችው ከተማ ሄዱ። ከሐይፋ ሲወጡ ባሕሩ በቀኝ፥ የቀርሜሎስ ተራራ በግራ ነው፤ እጅግም ያማረ ነው። አገሩን ለጠላት ትቶ የወጣ ሰው ያንን ውበት በምን ዓይን እንዳየው፥ ያልተሰደደ ሰው ሊፈርድ አይችልም።

በ1940 ዓ.ም. በፍልስጥኤም ጦርነት ሲነሣ ከግብጽ ወደ ልዳ የሚሄደው ባቡር ተቋረጠ፤ ተሳላሚውም ሌላ መንገድ ፈለገ። ከ1959 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የእስራኤል ጦር በሲና አሸዋ ላይ የነበረውን ሐዲድ ነቀለ፤ ብረቱንም ወስዶ በስዊዝ ቦይ ዳር ለሠራው ምሽግ ጣራ አደረገው።