በዳይ ቢታሰርም የካሳ ጥያቄ አይቀርም

በአል ቡስታን የምትሠሩ ወገኖች ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ «በዳዩ ከታሰረ በኋላ ካሳ መጠየቅ ይቻላልን?» የሚል ነው። የወንጀል ቅጣትና ካሳ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን የሙሉጌታ ስራው ታሪክ ያስረዳል።

ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ በኅዳር 1981 ዓ.ም. በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በሦስት ዘረኛ ወጣቶች ተደብድቦ ተገደለ። ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ጠበቃው ሞሪስ ዲስ ግን በዚህ አላበቁም። እኚህ ሰው በ1973 ዓ.ም. በቴክሳስ ለቬትናም ስደተኛ ዓሣ አጥማጆች ቆመው ኩ ክላክስ ክላንን የረቱ ናቸው። አሁን ደግሞ ወጣቶቹን አነሣሥቷል ያሉትን ቶም ሜዝገርን ከሰሱ። ክሱ የቆመው የሙሉጌታ አጎት የውርስ አስተዳዳሪ ሆነው በመቅረባቸው ነው፤ ያለ ከሳሽ ጠበቃ ምን ያደርጋል? በጥቅምት 1983 ዓ.ም. 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈረደ። የተሰበሰበው ጥቂቱ ቢሆንም የሜዝገር ቤት ተሽጧል።

እናንተም የሥራ ውላችሁን ቅጂ አገር ቤት ላለ ዘመድ ላኩ፤ ጉዳት ሲደርስባችሁ የሕክምና ማስረጃ ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ። የሞት አደጋ ቢደርስ ቤተሰብ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ለጽሕፈት ቤታችን ይላክ።