ልለያት ወይስ ልቆይ?

«የሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ፍቅረኛ ከያዝኩ ወዲህ ውጤቴ ወርዶ ዋርኒንግ ወጣብኝ። የዶርም ጓደኛዬም ፍቅረኛ አለችው፤ እሱ ግን ምንም አልሆነም። አባቱ መሐንዲስ ነው። ልለያት?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ የተረፈው ከአንተ የተሻለ ጭንቅላት ስላለው አይመስለኝም። ፈተና ሲበላሽበት ደውሎ የሚያማክረው ሰው ቤቱ አለ፤ መምህር ቢሮ ገብቶ መጠየቅ እንደማያሳፍር ከልጅነቱ እየሰማ አድጓል። አንተ ይህን ሁሉ ግቢ ከገባህ በኋላ ነው የምትማረው። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የጄምስ ኮልማን ጥናት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን መርምሮ፣ በውጤት ልዩነት ላይ ከትምህርት ቤቱ ሕንፃና ቁሳቁስ ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ እንደሚያመዝን አሳይቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ካልተማረ ቤት የመጣ አበቃለት» ይላል። ያው ጥናት ግን አብረው የሚማሩ ልጆች አስተዳደግና ምኞትም ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ፣ ይህም በአናሳ ማኅበረሰብ ልጆች ላይ እንደሚበረታ አግኝቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ ከቤቱ ስንቅ ያልያዘ ተማሪን አብሮት የሚውለው ሰው ይበልጥ ይወስነዋል። ከአንተ ጋር ደግሞ ከማንም በላይ የምትውለው እሷ ናት። ስለዚህ የምትጠይቀው ፍቅር ያዘኝ ወይ ብለህ ሳይሆን አብረን ስንሆን ምን እንሠራለን ብለህ ነው። ከራት በኋላ ያሉት ሰዓቶች የት ይሄዳሉ? ቤተሰቦችህ በግ ሸጠው የላኩት ብርስ?

«ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ ስለ ፍቅረኛም አያወራም» ብትለኝ እውነትህን ነው። ድልድዩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። መለያየት ውጤት ያሻሽላል የሚለውም ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም። የዲፓርትመንት ኮርሶች ሲከብዱ መጽናኛ ፈልጎ ፍቅር ውስጥ የሚገባ ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ያኔ ፍቅረኛዋ የመጣችው ውጤቱ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። የአንተ የቱ እንደሆነ ግሬድህን ከቀኑ ጋር አስተያይተህ እይ። «ታዲያ የድሃ ልጅ አያፍቅር ማለትዎ ነው?» እንዳትለኝ። ያፍቅር። የሚያሳዝነኝ ዋጋው እኩል አለመሆኑ ነው፤ ጓደኛህ ቢባረር አባቱ የግል ኮሌጅ ከፍሎ ያስተምረዋል፣ አንተ ብትባረር ግን የምትመለሰው ወደ እርሻው ነው።

ዋርኒንግ እንደወጣብህ ለእሷ መንገርህን ደብዳቤህ አይገልጽም። ዛሬ ንገራት። እስከ ሚድ ፈተና ድረስ ማታ ማታ ላይብረሪ እንገናኝ በላት። እሺ ካለች ከእሷ የምትለይበት ምክንያት አይታየኝም፤ አኩርፋ ከላይብረሪ ይልቅ ካፌ ከመረጠች ግን፣ ቢከብድህም፣ ዓመቱን እስክትሻገር ራቃት።