ጠረፍ የሌለው ሰማይ

ስለ ከዋክብት ርቀትና ስለ አጽናፈ ዓለም መስፋት

ለሰው ከተሰጡት ሕዋሳት ሁሉ እጅግ ሩቅ የሚደርሰው ዐይን ነው። እጅ የሚዳስሰው ከክንድ ርዝመት አያልፍም፤ ጆሮም የሚሰማው የቅርቡን ነው፤ ዐይን ግን ቀና በተባለ ጊዜ ከዋክብትን ያያል። ነገር ግን ማየት ሌላ፥ ያዩትንም ማወቅ ሌላ ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በየሌሊቱ የምናያቸው ከዋክብት ምን ያህል እንደሚርቁ፥ ርቀታቸውም እንዴት እንደተለካ፥ ዓለሙም እየሰፋ ይሄዳል የሚባለው ምን ማለት እንደ ሆነ በአጭሩ ልንገልጽ እንወዳለን።

ለትምህርታችን ምሳሌ የምናደርገው የምዕራብ ጎንደርን ቆላ ነው። ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተወርዶ በሱዳን ወሰን ላይ መተማ ትገኛለች። በኅዳር ወር ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት ጊዜ፥ ከደጋ ለሥራ የወረዱት አጫጆች በሜዳው ያድራሉ። ዝናሙ አልፏል፤ የከተማም መብራት በአካባቢው የለም። ቀን በሙቀት ሲደክም የዋለ ሠራተኛ ጀርባውን በምድር ላይ ባሳረፈ ጊዜ የሚያየው ሰማይ፥ በትልልቅ ከተሞች የሚኖር ሰው ከቶ የማያየው ነው። እንዲህ ያለው ሰው «ይህ ሁሉ ምን ያህል ይርቃል? ጫፉስ ወዴት ነው?» ብሎ በልቡ መጠየቁ አይቀርም።

ይህን ሥፍራ የመረጥነው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ መተማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ከዋክብት ይታዩባታል። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ይኸውም ክንዱን የዘረጋ ሰው በጭብጡ ቢለካው ከአንድ ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በኅዳር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ደግሞ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢመልስ፥ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ አኬርናር የሚባለውን ብሩህ ኮከብ ያያል። ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «የወንዝ መጨረሻ» ማለት ነው። ሁለተኛ፥ መተማ ጠረፍ ትባላለች። የሀገር ጫፍ፥ የመንገድ መጨረሻ ተብላ ስለምትታሰብ፥ ስለ ዓለም ጫፍ ለመነጋገር የተመቸች ናት።

በቋንቋችን ዩኒቨርስን አጽናፈ ዓለም እንላለን። ጽንፍ ማለት ዳር፥ ጠረፍ፥ ጫፍ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ራሱ የዳሮችን ነገር ያነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ግን፥ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ መርምረው ለዚህ አጽናፈ ዓለም ዳርም መካከልም እንዳላገኙለት ማስረዳት ነው።

የመለኪያው ነገር

አባቶቻችን የሰማይን እንቅስቃሴ በመቍጠር አልሰነፉም። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ ስለምትወጣባቸውና በምዕራብ ስለምትገባባቸው ስድስት ስድስት ኆኅት ይናገራል። እንቅስቃሴን መቍጠር ግን ርቀትን መለካት አይደለም። ለርቀት ሌላ መስፈሪያ ያስፈልጋል፤ እርሱም ብርሃን ነው።

ብርሃን በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከጨረቃ ወደ እኛ ለመድረስ 1 ሴኮንድ ከጥቂት፥ ከፀሐይ ለመድረስ ደግሞ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የፀሐይ ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ሰሊጥ የጫነ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ቢጓዝ፥ ፀሐይ ዘንድ የሚደርሰው ከ285 ዓመት በኋላ ነው። ብርሃን በ1 ዓመት የሚሄደው መንገድ የብርሃን ዓመት ይባላል፤ ይህም 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግንቦት ሌሊት ከመተማ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚታየው ሪጂል ኬንታውረስ፥ በዐይን ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ነው። እርሱ እንኳ 4.3 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ያ መኪና እርሱ ዘንድ ለመድረስ 77 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስፈልገዋል።

ወደ ሰማይ የተሠራው መሰላል

«ማንም ሄዶ ያልለካውን እንዴት አወቁት?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ዕውቀቱ እንደ መሰላል ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ሩቁ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ከመተማ ውኃ የራቀ አይደለም። የጓንግ ወንዝ ወደ ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል፤ ከዓባይም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ግብጽ ይወርዳል፤ በአስዋንም በኩል ያልፋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ኤራቶስቴንስ፥ በበጋ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአስዋን ጕድጓድ ውስጥ ቀጥ ብላ እንደምትታይ፥ በእስክንድርያ ግን በዚያው ሰዓት ጥላ እንዳለ ሰማ። ጥላውንም ለክቶ የክበብ አንድ ሃምሳኛ ሆኖ ስላገኘው፥ የምድር ዙሪያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት 50 ጊዜ እንደሚያህል ዐወቀ።

ሁለተኛው ደረጃ እንዲህ ነው። በሰሊጥ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመውን ዛፍ አይቶ ወደ ጐን መቶ ርምጃ የሄደ ሰው፥ ዛፉ በስተኋላው ካለው ኮረብታ አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስለዋል። ዛፉ ቅርብ ከሆነ ለውጡ ብዙ ነው፤ ሩቅ ከሆነ ጥቂት ነው። ምድር ፀሐይን ስትዞር በስድስት ወር ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሻገራለችና፥ ቅርብ ያለው ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር በጥቂቱ ቦታ የለወጠ ይመስላል። በዚህ ዘዴ ጀርመናዊው ቤሰል በ1838 እ.ኤ.አ. የአንድን ኮከብ ርቀት ለካ።

ሦስተኛው ደረጃ የፋኖስ ምሳሌ አለው። እኩል የሚበሩ ሁለት ፋኖሶች አንዱ በቅርብ ሁለተኛው በሩቅ ቢቀመጡ፥ የሩቁ ፈዝዞ ይታያል፤ ከመፍዘዙም መጠን ርቀቱ ይታወቃል። ችግሩ የትኞቹ ከዋክብት እኩል እንደሚበሩ ማወቅ ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. ሄንሪየታ ሌቪት የምትባል አሜሪካዊት፥ ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ ከሚል ከዋክብት ወገን፥ ዙራቸው የሚረዝመው በእውነትም ይበልጥ የሚያበሩ መሆናቸውን አስረዳች። የመረመረቻቸው ከዋክብት የሚገኙት ከመተማ ወደ ደቡብ በአድማስ አጠገብ ዝቅ ብሎ በሚታየው በትንሹ የማጀላን ደመና ነው። ኤድዊን ሃብል በ1923 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ኮከብ በአንድሮሜዳ ውስጥ አገኘ፤ ከዚህም አንድሮሜዳ ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ፥ ራሱን የቻለ የከዋክብት ማኅበር ማለትም ጋላክሲ እንደ ሆነ ታወቀ።

ርቀት ዘመን መሆኑ

እንግዲህ ሩቅ ማየት የቀድሞውን ዘመን ማየት ነው። የአኬርናር ርቀት 140 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቈስለው ባረፉበት ዘመን ገደማ ከዚያ ኮከብ የተነሣው ብርሃን፥ በዘመናችን በዚያው ሜዳ ላይ በሚያድሩት አጫጆች ዐይን ውስጥ ይገባል። የጦርነቱ ትውልድ አልፎ፥ የልጅ ልጆቻቸውም ሸምግለው፥ ብርሃኑ ገና በመንገድ ላይ ነበር።

ከዚያም ፊትን ወደ ሰሜን መልሶ ከፍ ብሎ ቢመለከቱ፥ አንድሮሜዳ እንደ ቀጭን ጉም ይታያል። ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። በአፋር ጎና በተባለው ሥፍራ ድንጋይ እየተጠረበ የተሠሩት ጥንታዊ መሣሪያዎች እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። በአገራችን ድንጋይ መጥረብ በተጀመረበት ዘመን ገደማ የተነሣ ብርሃን ነው ዛሬ የሚደርሰን።

የመስፋቱ ነገር

የቀስተ ደመና ቀለማት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሞገድ አላቸው፤ የሰማያዊው አጭር፥ የቀዩ ረጅም ነው። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቬስቶ ስላይፈር የጋላክሲዎችን ብርሃን ሲመረምር የብዙዎቹ ሞገድ ወደ ቀዩ ወገን የረዘመ ሆኖ አገኘው። ፍሪድማን የተባለው ሩሲያዊ በ1922፥ ቤልጅየማዊው ካህን ዦርዥ ለሜትርም በ1927 እ.ኤ.አ. ጠፈሩ ራሱ ሊሰፋ እንደሚችል በሒሳብ አስረዱ። በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃብል ጋላክሲዎች በራቁ መጠን ሽሽታቸው እንደሚፈጥን አሳየ።

ምሳሌውን ከቤታችን እንውሰድ። ለድፎ ዳቦ የተዘጋጀውን ሊጥ እናስብ፤ ጥቁር አዝሙድም በውስጡ ተበትኖበታል። ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዷ የአዝሙድ ፍሬ ከሌላዋ ትርቃለች። ፍሬዎቹ ግን አልተራመዱም፤ የሰፋው ሊጡ ነው። ከአንዲቱ ፍሬ ላይ ሆኖ የሚመለከት ቢኖር፥ የቅርቦቹ በጥቂቱ፥ የሩቆቹም በብዙ ሲርቁ ያያል። ጠፈርም እንዲሁ ነው፤ ብርሃኑም በሚሰፋው ጠፈር ውስጥ ሲጓዝ ሞገዱ አብሮ ይረዝማል። የመስፋቱም ልክ በየ1 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት በሴኮንድ ከ21 እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይነሣሉ። አንደኛው፥ «ሁሉ ከእኛ የሚሸሽ ከሆነ እኛ መካከል ነን» ማለት ነው። አይደለም፤ ከየትኛዋም የአዝሙድ ፍሬ ላይ የሚታየው ያው ነው። ሁለተኛው፥ ሁሉም ነገር ይሰፋል ማለት ነው። የመሬት ስበት የያዘው አይሰፋም፤ የጎንደርና የመተማ መንገድ አይረዝምም፤ አንድሮሜዳ እንኳ በስበት ወደ እኛ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ሦስተኛው፥ «ወደ ምን ይሰፋል?» ማለት ነው። ሊጡ የሚሰፋው በቡሃቃ ውስጥ ነው፤ ምሳሌውም የሚያበቃው በዚህ ነው። ጠፈር ሲሰፋ የሚሞላው የውጭ ሥፍራ አያስፈልገውም፤ የሚለወጠው በውስጡ ያለው ርቀት ነው።

መስፋቱን ወደ ኋላ ቢቈጥሩት ሁሉም እጅግ ተቀራርቦና ግሎ የነበረበት ጊዜ ይገኛል፤ ይህም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ሙቀት የቀረውን ደካማ ጨረር ፔንዝያስና ዊልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. መገኘቱን አስታወቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ መስፋቱ እየፈጠነ መሄዱ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ስለ ዘመን ቍጥር

ከአንባብያን ብዙዎች የሚጨነቁበት ነገር እዚህ ላይ ነው። በባሕረ ሐሳብ 2018 ዓ.ም. 7,518 ዓመተ ዓለም ነው። «ታዲያ 13.8 ቢሊዮን ከወዴት መጣ? ልጃችን ከትምህርት ቤት ይህን ይዞ ቢመጣ ምን እንበለው?» ይላሉ። ጭንቀቱን አንንቀውም፤ ብዙ ወጣት አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ያለበት መስሎት በዝምታ ተለይቷል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያውጅ፥ ትውልድን ከትውልድ የሚያያይዝ ቍጥር ነው፤ ያም ሥራው ነው። የከዋክብት ርቀት ደግሞ የብርሃን ልኬት ነው። ልጁን «ውሸት ነው» ብሎ ማሳፈር በዐይኑ ያየውን ሰማይ እንዲጠራጠር ማድረግ ነው። ልኬቱንም የሃይማኖት ማስረጃ አድርጎ ለማቆም መቸኰል እንዲሁ አይገባም። ለሜትር ካህን ሳለ፥ በ1951 እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ አዲሱን ትምህርት ከፍጥረት መጀመሪያ ጋር ባያያዙት ጊዜ ደስ አላለውም፤ ሁለቱ እንዳይደባለቁ ይጠነቀቅ ነበር። ልኬት ነገ ሊታረም ይችላልና፤ በእርሱ ላይ የተገነባው እምነትም አብሮ ይናወጣል።

ጠረፍና መካከል

በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ተተክለዋል፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን አንድሮሜዳን ለማየት እስከዚያ መውጣት ግድ አይደለም፤ ጨረቃ በሌለችበት በኅዳር ሌሊት የቆላው ሜዳ ይበቃል። መምህራንና ወላጆች ልጆችን አውጥተው የሰሜኑን ኮከብና አኬርናርን በጭብጥ እንዲለኩ ቢያደርጉ፥ ያለ ገንዘብ ታላቅ ትምህርት ይሰጣሉ።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ከገላባት ወደ መተማ ተሻገረ። ያን ጊዜ የመሻገሪያው ድልድይ ለእነርሱ ከሁሉ የሚበልጥ ሥፍራ ነበር፤ ጠረፍ የተባለችው ከተማም የብዙዎች መጠጊያ ሆነች። ጠረፍ ሰው የሚሰይመው ነው፤ በላይዋ ያለው ሰማይ ግን ጠረፍ አያውቅም። ከአዲስ አበባም፥ ከካርቱምም፥ ከአንድሮሜዳም ሆኖ የሚመለከት ሰው ጋላክሲዎች በሁሉም አቅጣጫ ሲርቁ ያያል። እንግዲህ በመተማ ሜዳ የተኛው አጫጅ በዓለም ዳር አይደለም፤ ማንም ከእርሱ ይልቅ ወደ መካከል የቀረበ የለምና። ይህን ዐውቆ ቢያድር፥ ነዶውን ለመውቃት በማለዳ ሲነሣ ራሱንም ጎረቤቱንም አያቃልልም።