አዲስ ኮራልን ማላመድና ለይቶ ማቆየት

አዲስ ኮራል ወደ ቤት አኳሪየም ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። የተጓዘበት ውሃ አለ፤ የተጣበቀበት ድንጋይ ወይም የሴራሚክ መቆሚያ አለ፤ በእነዚህ ውስጥ ተሸሽገው የሚመጡ ሌሎች ፍጥረታትም አሉ። ውሃው ይደፋል፣ መቆሚያው ይለወጣል፣ ኮራሉ ደግሞ ከአዲሱ ስፍራ ጋር እንዲላመድ ይደረጋል። ብዙ አሳዳጊዎች የመጀመሪያውን ቀን ውሃ በማቀላቀል ይፈጁና ኮራሉን በዚያው ዕለት ከሌሎቹ ጋር ያስቀምጡታል። ጉዳቱ ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ሳይታይ በሚራባ ተባይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አጭር፣ የቀጣዮቹ ሳምንታት ክትትል ረጅም ሊሆን ይገባል።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ ከሚባሉ ትናንሽ አካላት የተገነባ ሲሆን፣ በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ። ዋቅላሚዎቹ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ከሚሠሩትም ትልቁን ድርሻ ለኮራሉ ይሰጣሉ። ሙቀት፣ ጨዋማነት ወይም ብርሃን በድንገት ሲለዋወጥ ይህ አብሮ መኖር ይናጋል። ለአብዛኞቹ የሪፍ ኮራሎች ተስማሚው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ገደማ፣ ፒኤቹ ከ8.1 እስከ 8.4፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም ነው። ኮራሉ የመጣበት ከረጢት ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት የውሃው ጨዋማነት ነው፤ ለዚህም ሪፍራክቶሜትር ይበቃል።

ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ወይም ከሁለት ግራም ካልበለጠ ኮራሉ ያለ ችግር ይሸጋገራል። ከዚያ ከሰፋ ግን የከረጢቱ ውሃ ሩብ ሩቡ እየተቀዳ በአኳሪየሙ ውሃ ይተካል፤ ይህም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቃል። ሰፊ ልዩነት እንግዳ ነገር አይደለም። የሰሜን ቀይ ባሕርና የዓረብ ባሕረ ሰላጤ ውሃ በኪሎ ግራም 40 ግራምና ከዚያም በላይ ጨው ሲይዝ፣ በሱቆች በብዛት የሚገኙት ኮራሎች የሚመጡባቸው የኢንዶኔዥያና የአውስትራሊያ ሪፎች ጨዋማነት 35 ገደማ ነው። በዱባይ ወይም በጅዳ ለሚኖር አሳዳጊ ከባሕሩ ዳርቻ ውሃ ቀድቶ ማምጣት ቀላል ቢመስልም፣ ያ ውሃ ከኢንዶኔዥያ ለመጣ ኮራል እንዳለ አይሆንም። ከዳርቻው ኮራል ነቅሎ መውሰድም አይገባም። የድንጋይ ኮራሎች በሙሉ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከተው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር ሊሻገሩ አይችሉም።

ሙቀቱን ለማስተካከል የታሸገው ከረጢት ከመከፈቱ በፊት በአኳሪየሙ ውሃ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንሳፈፋል፤ መብራቱ ይጠፋል። ውሃ በጠብታ እያስገቡ ሰዓታት መጠበቅ ግን ከረጅም መንገድ ለመጣ ኮራል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በታሸገ ከረጢት ውስጥ ከትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ የውሃውን ፒኤች ዝቅ ያደርጋል። ፒኤቹ ዝቅ ባለ ጊዜ ከቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያ በአብዛኛው አሞኒየም ወደሚባለው፣ ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው መልክ ይለወጣል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይበናል፤ ፒኤቹ ወደ ላይ ይመለሳል፤ አሞኒየሙም እንደገና መርዛማ አሞኒያ ይሆናል። ፒኤቹ አንድ ነጥብ በጨመረ ቁጥር የመርዛማው ድርሻ በአሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሥራው መፍጠን አለበት፤ የከረጢቱም ውሃ ወደ አኳሪየም በፍጹም አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ ሲሆን ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው እርሱ ነው። ኮራሉ በነጭ ሳህን ላይ፣ በአኳሪየም ውሃ ውስጥ ሆኖ በአጉሊ መነጽር ይታያል። አክሮፖራ በተባለው ቅርንጫፋማ የድንጋይ ኮራል ላይ የሚፈለገው ጠፍጣፋ ትል ነው። ትሉ የበላው ሥጋ ቀለም በገላው ውስጥ ስለሚታይ ከኮራሉ ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል፤ ዓይን ትሉን ሳያገኝ በፊት የሚያገኘው የበላበትን ክብ የገረጣ ምልክት ነው። ቅርንጫፉ ተገልብጦ ከሥሩ ሲታይ፣ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱ ብቻ በቀረበት ቦታ ላይ ወርቃማ ቡናማ ነጥቦች ተሰባስበው ከተገኙ የትሉ እንቁላሎች ናቸው። ሞንቲፖራ በተባለው ኮራል ሥር የሚገኘው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ቅርፊት አልባ ነጭ ቀንድ አውጣ ነው፤ እንቁላሉንም እዚያው፣ ብርሃን በማይደርስበት ገጽ ላይ ይጥላል። በመቆሚያው ላይ ደግሞ አይፕታሲያ የተባለው ቡናማ አኔሞኒ፣ የንፍጥ መረብ እየዘረጋ ኮራሉን የሚያውከው ቱቦ ለበስ ቀንድ አውጣ፣ አረንጓዴ የአረፋ ዋቅላሚ ሊኖሩ ይችላሉ።

ከምርመራው በኋላ ኮራሉ ለዚሁ በተዘጋጀ መድኃኒት ውስጥ ይነከራል። በገበያ የሚገኙት መድኃኒቶች ከዕፅዋት ዘይት፣ ከፖታሲየም ክሎራይድ ወይም ከአዮዲን የሚሠሩ ናቸው። አዮዲን ይበልጥ የሚጠቅመው የተቆረጠን ቁስል ለማጽዳት ነው፤ ትልና ቀንድ አውጣን ለማስለቀቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይመረጣሉ። መጠኑና ደቂቃው ከማሸጊያው ላይ ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ውሃው ከአኳሪየም የተቀዳና ሙቀቱን የጠበቀ መሆን አለበት። መንከር ብቻውን አይበቃም፤ በየደቂቃው የጎማ መጭመቂያ ባለው ፒፔት በየቅርንጫፉ መካከል ውሃ በኃይል ይረጫል። የደነዘዘው ትል ከኮራሉ ተላቅቆ በነጩ ሳህን ላይ ስስ ሞላላ ቁራጭ መስሎ ሲወርድ ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። በአክሮፖራ ቅርንጫፎች መካከል የሚኖረው ቴትራሊያ የሚባል ትንሽ ሸርጣን ግን ኮራሉን ከጠላት የሚከላከል ወዳጅ ስለሆነ፣ ከመንከሩ በፊት በጥንቃቄ ተለቅሞ ሊወጣ ይገባዋል። ኮራሉ ከመድኃኒቱ ሲወጣ በሌላ ንጹሕ የአኳሪየም ውሃ ይታጠባል፤ የተነከረበት ውሃ ይደፋል።

መድኃኒቱ የማይደፍረው አንድ ነገር አለ፤ እንቁላል። ስለዚህ የተበላው የኮራሉ ሥር ተቆርጦ ይጣላል፤ ጤነኛው ክፍል ከመጣበት መቆሚያ ተነሥቶ በሱፐር ግሉ በአዲስና በደረቅ መቆሚያ ላይ ይለጠፋል። አሮጌው መቆሚያ ምንም ያህል ቢያምር አይቀመጥም። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ኮራል ላይ ቢላ ማሳረፍ የሚያስፈራ ይመስላል፤ ሆኖም ጤነኛ የድንጋይ ኮራል ከተቆረጠበት ይድናል፣ ከትል መንጋ ግን አይድንም።

ዞአንቲድና ፓሊቶአ የሚባሉት አዝራር መሰል ኮራሎች ሲያዙ ጥንቃቄው ለኮራሉ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጭምር ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። መርዙ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ከተገኘ የፓሊቶአ ዝርያ ተለይቶ ታውቋል። በተቆረጠ እጅ፣ በተረጨ ዓይን ወይም በእንፋሎት በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመም፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕምና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል። ስለዚህ እነዚህ ኮራሎች ያለ ጓንትና ያለ መከላከያ መነጽር አይነኩም፤ በመጋዝ አይቆረጡም፤ በደረቅ ብሩሽ አይፈገፈጉም። ያሉበትን ድንጋይ በፈላ ውሃ ማጽዳት ከሁሉም የከፋ ነው፤ እንፋሎቱ በቤቱ ያሉትን ሁሉ፣ ሕፃናቱንም፣ ሊመርዝ ይችላል። ሕመም የተሰማው ሰው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሊሄድ፣ የነካውንም ኮራል በስም ሊናገር ይገባል፤ ብዙ ሐኪሞች ይህን መርዝ ከቤት ውስጥ አይጠብቁትምና።

የተነከረው ኮራል ወደ ለይቶ ማቆያው ይገባል። ከ40 እስከ 75 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም፣ ማሞቂያ፣ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ ለኮራል የሚሆን መብራት፣ እንዲሁም ባክቴሪያ አስቀድሞ የሰፈረበት የማጣሪያ ስፖንጅ ወይም ድንጋይ ይበቃሉ። አሸዋ አያስፈልግም፤ ባዶ ወለል ላይ የወደቀ ትል በቀላሉ ይታያል። በየሳምንቱ የሚለወጠው ውሃ ከዋናው አኳሪየም ቢቀዳ መልካም ነው፤ ኮራሉ ሳይነቃነቅ ከወደፊት ቤቱ ውሃ ጋር ይለማመዳል። ከለይቶ ማቆያው ወደ ዋናው ግን አንዲት ጠብታ መመለስ የለባትም። መቆንጠጫው፣ ብሩሹና ባልዲው ለየአኳሪየሙ የተለዩ መሆን አለባቸው፤ የዕለቱ ሥራም ከዋናው ተጀምሮ በለይቶ ማቆያው ይጠናቀቃል። ትንሽ አኳሪየም ውሃው ሲተን ጨዋማነቱ ፈጥኖ ስለሚንር፣ የጎደለው በየቀኑ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ይሞላል። የዓሣ ጥገኛን ለማጥፋት የሚያገለግለው መዳብ እዚህ ፈጽሞ አይጨመርም፤ ኮራልን ይገድላል። ከዚህ ቀደም መዳብ የተጨመረበት አኳሪየምም ለዚህ አገልግሎት ባይውል ይሻላል።

የቆይታው ርዝመት የሚወሰነው በሚፈራው ነገር ነው። ለኮራል ተባይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የተለመደ ሲሆን፣ በእነዚህ ሳምንታት ኮራሉ በየሰባት ቀኑ እየወጣ ይመረመራል፤ ይነከራል። ድግግሞሹ ከእንቁላል የተፈለፈሉት ጎልምሰው ዳግም እንቁላል ሳይጥሉ ለመያዝ ነው። ውሃው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር መፈልፈሉ ስለሚዘገይ፣ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ማቆያ ጊዜው መራዘም አለበት። ለዓሣ ጥገኛ የሚቆጠረው ደግሞ ሌላ ነው። ክሪፕቶካሪዮን ኢሪታንስ የተባለው፣ በዓሣ ገላ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ኮራልን አይበላም፤ ነገር ግን ከዓሣው ሲወርድ በጠንካራ ነገር ላይ ተጣብቆ ዛጎል መሰል ሽፋን ያበጃል። የኮራል መቆሚያም ለዚህ ይመቸዋል። ከሽፋኑ የሚወጡት ዋናተኞች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ፤ ሁሉም ግን በአንድ ቀን አይወጡም፤ አንዳንዱ ሳምንታት ይዘገያል። በአሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደው የ76 ቀን ቆይታ፣ ያውም ዓሣ በሌለበት ውሃ፣ የመጣው ከዚህ ነው። ውድ ዓሣ ያለው አሳዳጊ ይህን ጊዜ ባያሳጥር ይመከራል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ብርሃኑ ይላመዳል። ኮራል በጨለማ ከረጢት ተጉዞ፣ በማይታወቅ መብራት ሥር አድጎ የመጣ ነው። ከአቅሙ በላይ ብርሃን ሲወርድበት በሥጋው ውስጥ ያሉት ዋቅላሚዎች ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችን ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ያስወጣቸዋል፤ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ፓር ሜትር በተባለው የብርሃን መለኪያ ሲለካ ከ50 እስከ 80 በሚያሳይ ብርሃን ተጀምሮ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ከፍ ይላል። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ድረስ ይበቃቸዋል፤ አክሮፖራ ከ200 በላይ ይፈልጋል። ቡናማ እየሆነ የሚሄድ ኮራል ብርሃን አንሶት ዋቅላሚ እያበዛ ሊሆን ስለሚችል አያስደነግጥም። እየነጣ የሚሄደው ግን በዚያው ቀን ወደ ጥላ መወሰድ አለበት፤ ከመንጣት መመለስ ከመቡነን ከመመለስ ይልቅ ከባድ ነውና።

በዩፊሊያ ዓይነት ባለ ረጅም ጣት ኮራሎች ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከታየ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ዝልግልጉ በቱቦ ተስቦ ይወጣል፤ የታመመው ራስ ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረው በአዮዲን ተነክሮ ለብቻው ይቀመጣል። በሽታው በውሃው እየተንሳፈፈ ወደ ጎረቤት ኮራል ስለሚዛመት፣ ዝልግልጉ ሲነሣ ፓምፑ ይቆማል።

የተረጋጋ ትንሽ አኳሪየም ማቆየት የማይችል አሳዳጊ ኮራሉን በተበላሸ ውሃ ውስጥ ከሚያጎሳቁለው መንከሩንና መቆሚያ መለወጡን በሚገባ ቢሠራ ይሻላል፤ ይህ ግን ከዓሣ ጥገኛ አይጠብቅም። በሌላ በኩል ቆይታው በመሃል ላይ እያለ ሌላ ኮራል ከተጨመረ፣ ለሁሉም ቀኑ እንደገና ከአንድ ይቆጠራል።

ቆይታውን የፈጸመ ኮራል ለመጨረሻ ጊዜ ታይቶ ወደ ዋናው ይሸጋገራል። ቦታው ሲመረጥ በሌሊት የሚዘረጉ ጣቶች ጎረቤትን እንዳያቃጥሉ ክፍተት ይተዋል፤ በተለይ ጋላክሲያ የተባለው ኮራል ሰፊ ስፍራ ይፈልጋል። ብርሃኑም እንደገና ከዝቅተኛው ይጀመራል። ባዶ የቀረው ማቆያ በበረኪና ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይቆያል። ውሃውና የተቆረጡት ፍርፋሪዎች በበረኪና ከተገደሉ በኋላ ወደ ቤት ፍሳሽ ይደፋሉ እንጂ ወደ ባሕር ወይም ወደ ወንዝ አይወርዱም። ኡኖሚያ ስቶሎኒፌራ የተባለው የኢንዶ-ፓስፊክ ለስላሳ ኮራል ከአኳሪየም ንግድ አምልጦ እንደገባ በሚታመንበት በቬንዙዌላ ዳርቻ፣ የአገሩን ሪፍ አልብሶ እያነቀው ይገኛል።