ቤት ለመሥራት ማሰብ ከምን ይመጣል

ወፍ ጎጆዋን ስትሠራ መካሪ አትሻም፤ ሰው ግን ቤት ለመሥራት ከመቍረጡ አስቀድሞ ብዙ ነገር ይመክረዋል።

በገጠር ጎልማሳ ሚስት ባገባ ጊዜ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ትዳርና ቤት በአንድ ቃል መጠራታቸው በከንቱ አይደለም። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ እንጨቱን ያቆምለታል፥ ጭቃውን ይመርግለታል፥ ሣሩንም ይከድንለታል፤ ስለዚህ የጎልማሳው አሳብ የዘመዱና የጎረቤቱ አሳብ ነው።

በከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ በኪራይ የሚኖር ሰው አከራዩ «ልቀቅ» ሲለው ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ይለውጣል። ዘመድ ቢሞትበት ለቀስተኛ የሚያስቀምጥበት ግቢ የለውም። ሰውን የሚያስመርረው የኪራዩ ገንዘብ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ይህ ሥጋት ይበልጣል። በአንድ አገር ለማይቆይ ነጋዴ ግን መከራየት ይሻለዋል።

ሕግም አሳብን ይለውጣል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልተፈቀደም። ያን ጊዜ ብዙ ቤት ሠርቶ ለማከራየት ያሰበ ሁሉ አሳቡን ተወ፥ አንዲቱን ቤት ግን አጥብቆ ያዘ።

የሚቻል መስሎ የታየ ነገር ደግሞ ምኞትን ቍርጥ አሳብ ያደርገዋል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ ሆነ። 20/80 በተባለው መንገድ ገዢው ከዋጋው ከመቶ 20 በባንክ እንዲቈጥብ፥ የቀረውንም 80 ተበድሮ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ተደረገ፤ ቤቱም በዕጣ ይሰጥ ነበር።

እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት እናት ከተመዘገቡት አንዷ ናት እንበል። ወንድሟ «እኅቴ፥ ዕጣው መቼ ሊደርስሽ ነው? በገንዘቡ ለልጅሽ ሠርግ ደግሺበት» ይላታል። እርሷም «ድግሱ በሦስት ቀን ያልቃል፤ አከራዩ ግን በየወሩ ይመጣል» ብላ ትመልሳለች። ዕጣ ወጣ፥ ስሟ አልተገኘም። ሁለተኛም ወጣ፥ አሁንም አልተገኘም። ያን ቀን ማታ ብዙ አለቀሰች፥ ወንድሟም ምንም አልተናገራት። በማግሥቱ ግን ጤፍ ከመግዛቷ በፊት የቍጠባ ደብተሯን ይዛ ወደ ባንክ ሄደች።